ማሽሊም ወይስ የግል? ከሳል ሀብሪኡት (በሕግ ከሚሸፈነው የጤና ዝርዝር) ውጪ ለሆነ የካንሰር መድሃኒት የቱን እንክፈል

ሰንበት ሲወጣ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። እዚህ እስራኤል ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ኩፓ ውስጥ ማሽሊም አለኝ፤ ለካንሰር መድሃኒት ይበቃኛል ወይ?» ኩፓ የጤና ድርጅታችን ነው፤ ማሽሊም ደግሞ በእሱ በኩል ተጨማሪ የምንከፍልበት ሽፋን። አይበቃም። እኔም ይህን ያወቅሁት በአክስቴ ነው።

አክስቴ የምትኖረው ርሖቮት ነው። ስትታመም ሐኪሟ አንድ መድሃኒት ጻፈላት። መድሃኒቱ ሳል ሀብሪኡት ውስጥ አለ፤ ግን ለሌላ ዓይነት ካንሰር። ለእሷ ሕመም ኩፓዋ ቶፌስ 17 (እከፍላለሁ የሚልበትን ወረቀት) አልሰጥም አለ። ዋጋው በወር ከ20 ሺህ ሼቄል በላይ ነው። እሷ ግን አልደነገጠችም። «ልጄ፣ ኢንሹራንስ አለኝ እኮ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፍያለሁ» አለችና ከቁም ሳጥኑ የላስቲክ ማኅደር አወጣች። ሁለት ፖስታ ነበር፤ አንዱ ጭራሽ አልተከፈተም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንደኛው ቴኡኖት ኢሺዮት፣ የአደጋ ኢንሹራንስ ነው። ሁለተኛውም ያው። ብትወድቅ፣ እጇ ቢሰበር ይከፍላሉ። ለካንሰር አንድ አጎራ የላቸውም። አንዱ በወር 89፣ ሌላው 64 ሼቄል፤ በድምሩ 153። በስድስት ዓመት 11,016 ሼቄል ከባንኳ ወጥቷል። በስልክ የሸጠላት ሰው «የጤና ኢንሹራንስ ነው» ብሏት ነበር።

እንግዲህ ወደ ንጽጽሩ።

ከማሽሊም ልጀምር፤ ሁላችንም እሱን ተማምነን ነው የምንተኛው። ከ2008 ጀምሮ ኩፓዎች ሕይወት አድንና ዕድሜ አራዛሚ መድሃኒት በማሽሊም ውስጥ እንዳያካትቱ በሕግ ተከልክለዋል። ክላሊት፣ መካቢ፣ መኡሔደት፣ ሌኡሚት፣ አራቱም በዚህ አንድ ናቸው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ብላችሁ ወደ ውዱ ደረጃ ብትወጡ ገንዘባችሁን ነው የምትጥሉት። ይሁን እንጂ ማሽሊምን አታጥፉት። ለሁለተኛ ሐኪም አስተያየት፣ ለቀዶ ሕክምና ይጠቅማል። ደግሞ ታማሚ ነህ ብሎ ማንንም አይመልስም።

ሁለተኛው «ማሐሎት ካሾት» የሚሉት፣ የከባድ በሽታ ኢንሹራንስ ነው። ካንሰር ሲገኝባችሁ አንድ ጊዜ ድፍን ገንዘብ ይሰጣችኋል። ሲሰሙት ደስ ይላል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ፖሊሲው 100 ሺህ ሼቄል ቢሆንና መድሃኒቱ በወር 25 ሺህ ቢፈጅ፣ አራት ወር ነው። ከዚያስ? ክፍያው ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ክፉኛ ይወጣል። ገና በጅምሩ የተገኘን ካንሰርና አንዳንድ የቆዳ ካንሰሮችን የማይከፍሉ ፖሊሲዎች ብዙ ናቸው። ከሥራ ስትቀሩ ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ወጪ ይሆናል እንጂ የመድሃኒት መልስ አይደለም።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ ከሳል ውጪ ላሉ መድሃኒቶች የሚገዛውን የግል ፖሊሲ። ሳሉ በየዓመቱ በተወሰነ በጀት ነው የሚሰፋው፤ ስለዚህ ሁሌም ደጅ የሚቀር መድሃኒት አለ። ይህ ፖሊሲ የሚከፍለው ለዚያ ነው፤ ጣሪያውም በሚሊዮን ሼቄል ነው የሚቆጠረው። ዋጋው ግን ርካሽ ነው። እኔ በ41 ዓመቴ በወር 24 ሼቄል እከፍላለሁ፤ በዓመት 288። አክስቴ ለሁለቱ የአደጋ ወረቀቶች በሁለት ወር የምትከፍለው ከዚህ ይበልጣል!

ግን ሶኼኑ፣ የኢንሹራንስ ወኪሉ፣ ይህን ብቻውን አያቀርብላችሁም። ለእኔ መጀመሪያ ያመጣልኝ የ187 ሼቄል ጥቅል ነበር፤ ቀዶ ሕክምና፣ ምርመራ፣ ምኑ ቅጡ። ቀዶ ሕክምናው ማሽሊሜ ውስጥ አለ። «መድሃኒቱን ብቻ» አልኩት። ሦስት ጊዜ ደወለ፣ ሦስቴም ያንኑ መለስኩለት። በአራተኛው 24 ሼቄሏን ጻፈ።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ አንቀጽ ፈልጉ። ሳል ውስጥ ያለ፣ ግን ለእናንተ ሕመም ያልተፈቀደ መድሃኒትንም ይከፍላል ወይ? የአክስቴ ጉዳይ ይኸው ነበር። ከኪሳችሁ የምታዋጡትንም ጠይቁ፤ በእኔ ፖሊሲ መድሃኒት በምወስድበት ወር 300 ሼቄል ነው። ክፍያው ከዕድሜ ጋር በየስንት ዓመቱ እንደሚጨምርም ሠንጠረዡን አስወጡ። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገኘው የጋራ ፖሊሲ ይረክሳል፤ ሥራ ስትለቁ ግን ያበቃል። በግል ለመቀጠል ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ሀጽሃራት ብሪኡት ላይ ነው፣ የጤና መግለጫው ላይ። ባለቤቴ ሲመዘገብ በድምፅ ማጉያ አብሬ እሰማ ነበር። ሶኼኑ በፈጣን ዕብራይስጥ «ስኳር ሎ፣ ልብ ሎ፣ ግፊት ሎ፣ ናኾን?» ይላል፤ የለም፣ የለም፣ የለም፣ ልክ ነው አይደል? ማለቱ ነው። ባለቤቴ «ኬን» (አዎ) ሊል ሲል ስልኩን ተቀበልኩት። ባለቤቴ እኮ የደም ግፊት ኪኒን ይውጣል! ጥሪው ይቀዳል። ነገ መድሃኒት ስትጠይቁ የኩፓ ፋይላችሁን ያወጡና «ዋሽታችኋል» ይላሉ። ኪኒኑን አስጻፍን፤ ከ27 ሼቄል ወደ 31 ወጣ። አራት ሼቄል ነው። ለዚህ አራት ሼቄል ብሎ እውነቱን መደበቅ ቤት ያፈርሳል።

ከተፈረመ በኋላ በአብዛኛው የ90 ቀን መጠበቂያ አለ። ስለዚህ አሮጌ የመድሃኒት ፖሊሲ ካላችሁ፣ አዲሱ መቀበሉን በጽሑፍ ሳያረጋግጥና መጠበቂያው ሳያልቅ አታጥፉት።

ሕመሙ ቀድሞ ለተገኘበት ሰው ይህ የግል ፖሊሲ አይሆንም፤ ያለውን በሽታ አይሸፍኑም። ያኔ በሩ የኩፓው የልዩ ጉዳዮች ኮሚቴ፣ ቫዓዳት ሐሪጊም ነው። አክስቴ መጀመሪያ ተከለከለች። ሐኪሟ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፣ ይግባኝ አልን፣ በሁለተኛው ተፈቀደላት። በመሃል ያለፈው ሰባት ሳምንት ግን ከሆዴ አልወጣም።

የወላጆቻችሁን ለማየት «ሀር ሀቢቱአሕ» የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ አለ። በመታወቂያቸው ስትገቡ በስማቸው ያለው ኢንሹራንስ ተዘርዝሮ ይወጣል። እኔ የእናቴን ባለፈው ሳምንት አየሁ። እሷም የአደጋ ፖሊሲ አላት፤ 72 ሼቄል በወር።