ስኪ ከመውጣቴ በፊት ማታ የማነበው የበረዶ ናዳ ትንበያ

ዴንቨር ከገባሁ ወዲህ ስኪ ለመድኩ። አሁን አሁን ሰውን ወደ ተራራው አናት የሚያወጣ ሊፍት ያለበትን ቦታ ትቼ ተራራውን በእግሬ እየወጣሁ ነው የምንሸራተተው። እዚያ ናዳውን ቀድሞ በፈንጂ የሚያፈርስ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ በብርዱ ወራት የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን ትንበያ ሳላነብ አልተኛም። ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል።

ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። አደጋው ከ1 እስከ 5 ይለካል። 3 መሃል ላይ ስላለች ቀላል ትመስላለች። አይደለችም! 3 ማለት ሰው ራሱ ናዳ የመቀስቀስ ዕድሉ ሰፊ ነው ማለት ነው። ለእኔ ወርቁ ያለው ከቁጥሩ በታች ነው፦ አደጋው በየትኛው የተራራ ፊት ነው? ከዛፎቹ በላይ ነው ወይስ በታች? ችግሩስ ምን ዓይነት በረዶ ነው?

ባለፈው ጥር ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በርተድ ፓስ ወደሚባለው የኮሎራዶ ተራራ መተላለፊያ ሄድን። ቦታው ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። ትንበያው 3 ነበር፤ በሰሜንና በምሥራቅ ፊት ከሥር ደካማ ንብርብር አለ ይላል። ኮሎራዶ ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው። መጀመሪያ የሚጥለው በረዶ ስስ ነው። መሬቱ ሞቅ ያለ፣ አየሩ ደግሞ በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ እንፋሎት ከታች ወደ ላይ እያለፈ በረዶውን እርስ በርሱ ወደማይያያዝ ፍሬ ይቀይረዋል። አዲሱ በረዶ የሚጫነው እሱ ላይ ነው።

መኪናውን አቁመን የተከራየሁትን ቢከን (በናዳ የተቀበረ ሰው የት እንዳለ በሬዲዮ ምልክት የሚጠቁም መሣሪያ) ስከፍተው ባትሪው ከግማሽ በታች ነው። በጣም ተናደድኩ። ናዳ ውስጥ የተቀበረ ሰው የሚተርፈው በደቂቃዎች ውስጥ ከተገኘ ነው። ደግነቱ ትርፍ ባትሪ ይዤ ነበር። እባካችሁ፣ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ከፍታችሁ እዩት።

ዳገቱን ሳንጀምር፣ የበረዶውን ንብርብር ለማየት ከዛፎቹ ዳር ጉድጓድ ቆፈርን። ከሥር ያለውን በረዶ በጓንቴ ዘገንኩት። ልጨብጠው ስል እንደ ደረቅ ስኳር በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ከዚያ ንብርብሩ ምን ያህል እንደሚይዝ ለመፈተን 30 በ90 ሳንቲ ሜትር የበረዶ ዓምድ ቆረጥን። አካፋውን አናቱ ላይ አድርጌ 10 ጊዜ በእጄ አንጓ ብቻ፣ ቀጥሎ ከክርኔ ጀምሬ መታሁ። 13ኛው ምት ላይ የላይኛው ንጣፍ ከዳር እስከ ዳር ተላቆ ወደ ጭኔ ተንሸራተተ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ያሰብነው ቁልቁለት 35 ዲግሪ ነበር። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ላይ ስለሆነ ተውነው። ከ25 ዲግሪ በታች ያለውን በዛፎች መሃል ሦስቴ ወጥተን ወረድን። በረዶው እንደ ፉርኖ ዱቄት ነበር፤ ምንም አልቆጨኝም።

ትንበያው ሰፊ አካባቢ ነው የሚሸፍነው። እናንተ የቆማችሁባትን አንዲት ዳገት ለይቶ አይነግራችሁም። የሙያ ቃላቱም ለጀማሪ ከበድ ይላሉ፤ እኔን የገባኝ የሦስት ቀን ኮርስ ከወሰድኩ በኋላ ነው። ግን ማዕከሉ ከሕዝብም መረጃ ይቀበላል፤ ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ። ማታ ቤት ገብቼ የጉድጓዱን ፎቶ፣ የቆፈርንበትን ፊትና የምቱን ቁጥር ጽፌ ላክኩላቸው።