የአሳማ ቪታሚን ፕሪሚክስ፦ የከረጢቱን ፊት ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ

ለሚያድጉ አሳማዎች የሚሸጡ የቪታሚን ከረጢቶች ፊታቸው ላይ ደንደን ያለ አሳማ ተስሎ፣ ከሥሩ ደግሞ የቪታሚኖቹ ብዛት በትልቁ ተጽፎ ይመጣሉ። ሥዕሉ አይበላም። የሚበላው ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ነው። እዚያ የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ በአንድ ኪሎ ምርት ውስጥ ከእያንዳንዱ ቪታሚን ስንት እንዳለ፣ ምርቱም ለስንት ኪሎ መኖ እንደሚበቃ። ከሁለቱ አንዱ ከሌለ ምርቱን ካጠገቡ ካለው ጋር ማወዳደር ስለማይቻል መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ገበያ ላይ ያሉት በሦስት መደብ ይከፈላሉ፦ ቪታሚን ብቻ የያዘ ፕሪሚክስ (በጥቂቱ መኖ ውስጥ የሚደባለቅ ዱቄት)፣ ቪታሚንና ማዕድን አንድ ላይ የታሸጉበት፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዱቄት። የመጀመሪያውን እናስቀድም፤ ከሦስቱ የምንመርጠውም እሱን ነው።

አንድ መለያ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በኪሎ 2,000,000 ዩኒት (ዓለም አቀፍ የቪታሚን መለኪያ) ቪታሚን ኤ፣ 400,000 ዩኒት ዲ3፣ 12,000 ዩኒት ኢ፣ 1,600 ሚሊ ግራም ራይቦፍላቪን (ቢ2)፣ 6,000 ሚሊ ግራም ፓንቶቴኒክ አሲድ (ቢ5)፣ 10,000 ሚሊ ግራም ናያሲን (ቢ3)፣ 10 ሚሊ ግራም ቢ12 ይላል እንበል። አጠቃቀሙ ለአንድ ቶን መኖ 2.5 ኪሎ ነው፤ ለኩንታል 250 ግራም ማለት ነው። የመለያውን ቁጥር በ2.5 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ የሚደርሰውን ይሰጣል፦ ኤ 5,000 ዩኒት፣ ዲ 1,000፣ ኢ 30፣ ራይቦፍላቪን 4 ሚሊ ግራም፣ ፓንቶቴኒክ አሲድ 15፣ ናያሲን 25፣ ቢ12 ደግሞ 25 ማይክሮ ግራም።

ይህን የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል በ2012 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። ከ25 እስከ 50 ኪሎ ለሚመዝን አሳማ በአንድ ኪሎ መኖ ኤ 1,300 ዩኒት፣ ዲ 150፣ ኢ 11፣ ራይቦፍላቪን 2.5 ሚሊ ግራም፣ ፓንቶቴኒክ አሲድ 8፣ ናያሲን 30፣ ቢ12 10 ማይክሮ ግራም ይላል። ሰንጠረዡ ዝቅተኛውን ልክ ነው የሚናገረው፤ በመጋዘን፣ በሙቀትና በማደባለቅ ለሚጠፋው መጠባበቂያ አልጨመረም። ስለዚህ ኤ አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው መሆኑ ብክነት አይደለም። የምሳሌው ምርት ነጥብ የሚጥለው ናያሲን ላይ ነው። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን ታስሮ ስለሚገኝ አሳማው አይጠቀምበትም፤ መኖው የተትረፈረፈ ትሪፕቶፋን (ከፕሮቲን የሚገኝ አሚኖ አሲድ) ካለው ሰውነቱ ከፊሉን ሠርቶ ይሸፍናል፤ አኩሪ አተር ላይ እጅ ያጠረበት መኖ ግን ይህ ትርፍ የለውም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው የቪታሚኑ ዓይነት ነው። ፓንቶቴኒክ አሲድ "ዲ-ካልሲየም ፓንቶቴኔት" ተብሎ ከተጻፈ ጥሩ ነው። "ዲኤል" ካለ የሚሠራው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ማንበብ ነው። ቪታሚን ኢ በሚሊ ግራም ሲጻፍ አይደናገሩ፤ "ዲኤል-አልፋ ቶኮፌሪል አሲቴት" ከሆነ 1 ሚሊ ግራም 1 ዩኒት ነው። ቪታሚን ሲ አለመኖሩን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ገዢዎች አሉ፤ ጤነኛ አሳማ ራሱ ይሠራዋልና ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ከረጢቱ ሲከፈት አንድ ጭብጥ ነጭ ወረቀት ላይ በትነው በጣት ይግፉት። ቢጫው ባብዛኛው ራይቦፍላቪን ነው፤ ቪታሚን ኤ ደግሞ በጄላቲን ተሸፍኖ ስለሚሠራ ወደ ቡናማ የሚወስዱ ደቃቅ ፍሬዎች ሆኖ ይለያል። ፍሬዎቹ ደቀው ዱቄት ከሆኑ መከላከያቸው ተሰብሯል ማለት ነው። ጨብጠው ሲለቁት እንደ ተቦካ ሊጥ ተያይዞ የሚቀር ደግሞ እርጥበት ገብቶታል። የቢጫው ድምቀት ስለ ጥራቱ ምንም አይነግርም፤ ራይቦፍላቪን ትንሽም ብትሆን ታቀልማለች።

የማሸጊያው መጠን ብዙ ሰው የማያሰላው ነገር ነው። 25 ኪሎ ከረጢት 100 ኩንታል መኖ ያወጣል። በቀን በአማካይ 1.5 ኪሎ የሚበሉ 50 አሳማዎች 75 ኪሎ ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ አንዱ ከረጢት ከአራት ወር በላይ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ለእነሱ 5 ኪሎዋ እሽግ ትሻላለች፤ 27 ቀን ገደማ ታደርሳለች። በኪሎ ዋጋው ከፍ ቢልም ቪታሚኑ ሳይሞት ያልቃል።

ቪታሚንና ማዕድን አንድ ላይ የታሸገው ምርት የሚመቸው ለሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ መዝኖ መጨመር ነው። ችግሩ ከረጢቱ ውስጥ የሚካሄደው ነው። የመዳብና የብረት ሰልፌት ቪታሚን ኤን፣ ኬንና ሌሎቹን ቀስ በቀስ ያቃጥላሉ፤ ኮሊን ክሎራይድ (ከቪታሚኖች ጋር የሚመደበው የኮሊን ጨው) ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ ቃጠሎውን ያፋጥነዋል። ቪታሚን፣ ማዕድንና ኮሊን ሦስቱም አብረው የታሸጉበትን የምንገዛው ምርቱ የተሠራበት ቀን በግልጽ ካለበትና በሁለት ወር ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ብቻ ነው። በቆሎና አኩሪ አተር ለሚበላ የሚያድግ አሳማ ኮሊን ከመኖው ስለሚገኝ ከመለያው ላይ መቅረቱ እንዲያውም በጎ ነው።

አሁን ዋናውን ስህተት። ብዙ አርቢ ፕሪሚክሱን የሚጨምረው ያለቀለት መኖ ውስጥ ሳይሆን ማሟያ መኖው ውስጥ ነው፤ አኩሪ አተሩን፣ ኖራውን፣ ጨውንና ቪታሚኑን ቀድሞ አዘጋጅቶ በኋላ ከተፈጨ በቆሎ ጋር ያገናኘዋል። መለያው "ለኩንታል 250 ግራም" ሲል ስለ ያለቀለት መኖ ነው የሚያወራው። ማሟያው ከጠቅላላው መኖ 20 በመቶ ከሆነ ለአንድ ኩንታል ማሟያ የሚገባው 250 ሲካፈል ለ0.20፣ ማለትም 1,250 ግራም ነው። 25 በመቶ ከሆነ አንድ ኪሎ። ማሟያው 20 በመቶ ሆኖ ሳለ በመለያው ቁጥር ተመርቶ ለኩንታል ማሟያ 250 ግራም የጨመረ ሰው ለአሳማዎቹ የሚያደርሰው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው፤ ከላይ የቆጠርነው 5,000 ዩኒት ኤ ወደ 1,000 ይወርዳል፣ ከዝቅተኛው ልክም በታች። ከዚያ "ይህ ቪታሚን አይሠራም" ይባላል። ይህን ልዩነት በአንድ መስመር ያልጻፈ አምራች ምርቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ማሟያው ውስጥ ማዕድኑም አምስት እጥፍ ተከማችቶ ስለሚገኝ ቪታሚኑ እዚያ ቶሎ ይዳከማል። አዘጋጅቶ ለወራት መደርደር አይገባም፤ ለሁለትና ሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ።

አደባላለቁ ላይ፣ 250 ግራም በጣሳ አይሰፈርም። የአንዱ ምርት ጣሳ ከሌላው በክብደት ይለያያል፤ ትንሽ ሚዛን የግድ ነው። በእጅ ለሚያደባልቅ፣ 250 ግራሙን በእኩል የተፈጨ በቆሎ አደባልቆ ግማሽ ኪሎ ማድረግ፣ ያንን በሌላ ግማሽ ኪሎ፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 8 ኪሎ እያደረጉ መሄድ፣ በመጨረሻ ስምንቱን ኪሎ ንጹሕ ወለል ላይ በተዘረጋው መኖ ላይ በትኖ በአካፋ ቢያንስ አራት ጊዜ ማገላበጥ። በማሽን ከሆነ ቋሚው ማደባለቂያ የመጨረሻው ነገር ከገባ በኋላ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አግድሙ ከ3 እስከ 5 ይበቃዋል። ፕሪሚክሱ መጀመሪያ ከገባ ታች ይቀራል፣ መጨረሻ ከገባ ላይ ይንሳፈፋል፤ ግማሹ እህል ከገባ በኋላ ነው ቦታው። ዘይትና ሞላሰስ ከእሱ በፊት ከገቡ ዱቄቱ ተጣብቆ እንደ አተር ይድቦለቦላል፣ አንዱ አሳማ አተሩን ያገኛል፣ ሌላው ምንም።

ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዱቄት የዕለት ቀለብ አይደለም። የሚጠቅመው አሳማው መኖ ሲተው፣ በጉዞ ወይም በሙቀት ሲጎዳ፣ ለጥቂት ቀን ነው፤ የታመመ አሳማ ሳይበላም ይጠጣልና። ቪታሚኑ የተደባለቀበት ተሸካሚ ዱቄት ስኳር ከሆነ የውሃ ቱቦው ውስጥ አተላ ይያዝና የመጠጫውን ጫፍ ይደፍናል። በየቀኑ አዲስ መበጥበጥ፣ ያደረውን መድፋት፣ ሲያበቃም ቱቦውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ክሎሪን የበዛበት ወይም ብረት ያለው ውሃ ግማሹን ሥራ ያበላሻል።

ምርቱ ላይ ከመፍረድ በፊት ምልክቱን መለየትም አለ። የኋላ እግሩን እንደ ሰልፈኛ ወታደር ከፍ እያደረገ የሚረግጥ አሳማ ፓንቶቴኒክ አሲድ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ጥሩ የሚያድግ አሳማ ድንገት ሞቶ ከተገኘ፣ ልቡም ላይ የደም ነጠብጣብ ከታየ፣ የቪታሚን ኢና ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ማነስ ይጠረጠራል። ቆዳው እከክ ጥሎ ሲሰነጣጠቅ ግን ሁሉም ባዮቲን ወደተባለው የቢ ቪታሚን ይሮጣል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዚንክ ማነስ ወይም ዚንኩን የሚይዝ የኖራ መብዛት ነው። በዚህ ጊዜ ቪታሚኑን እጥፍ ማድረግ ቆዳውን አያድነውም። ኤና ዲ ደግሞ በሰውነት ስለሚከማቹ እጥፍ በእጥፍ ሲሰጡ ራሳቸው ይጎዳሉ፤ የዲ ብዛት ኩላሊትና የደም ሥር ላይ ካልሲየም ያስቀምጣል።

የዶሮ ፕሪሚክስ በርካሽ ቀርቦ ከታየ መለያው ላይ ሞኔንሲን ወይም ሌላ የኮክሲዲያ (የዶሮ አንጀት ጥገኛ ተውሳክ) መከላከያ መኖር አለመኖሩን መፈለግ ነው። ሞኔንሲን የበላ አሳማ በታያሙሊን መድኃኒት ከታከመ ጡንቻው ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። በተቃራኒው በመዳብ የበለጸገ የአሳማ ማዕድን ድብልቅ የበጎች ገንዳ አጠገብ አይቀመጥ፤ አሳማ የሚችለው መዳብ በግን ይገድላል።