ለቆሻሻ አንሺዎቹ አምስት ኮከብ፣ ለቢሉ አንድ

ማክሰኞና ቅዳሜ ይመጣሉ ተብሏል። ማክሰኞ ይመጣሉ። ቅዳሜ እንደ እግዜር ፈቃድ ነው።

የማወራው ስለ ሰፈራችን ቆሻሻ አንሺ ማህበር ነው። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አራት ፎቅ። የሳይቱንም የማህበሩንም ስም አልጠራም፤ ልጆቹ ላይ ጣጣ እንዲመጣ አልፈልግም። ብጠራውም ባልጠራውም ለውጥ የለውም፣ የከተማው ግማሽ "የኛን ሰፈር ነው የጻፍከው" ማለቱ አይቀርም። ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በዚሁ ጉዳይ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን፣ ስለመሸ ብቻ ተበተንን። እዚያ ተራ ያልደረሰኝን እዚህ ልበለው።

መጀመሪያ አገልግሎቱ። ሴቶች ይበዛሉ፣ ወጣቶቹ ወንዶች ጋሪ ይገፋሉ። ጠዋት በማለዳ ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ከአራተኛ ፎቅ ፌስታል አንጠልጥሎ ለመውረድ ያለው ጊዜ ፊት ለመታጠብ እንኳን አይበቃም፤ ካመለጣችሁ በቃ፣ ቆሻሻው እስከሚቀጥለው ዙር በረንዳ ላይ አብሯችሁ ይኖራል፣ ክረምት ከሆነ ሽታውን ለጎረቤትም ታካፍላላችሁ።

ቆም ብሎ ላያቸው ግን ስራቸው ጥበብ አለው። ፌስታሉን እዚያው ጋሪው ላይ ይፈቱታል። ሃይላንድ ለብቻው ማዳበሪያ፣ ካርቶን ለብቻው፣ ጣሳና ብረታ ብረት ለብቻው። ይሸጡታል፣ ተጨማሪ ገቢያቸው ናት። የሚቀረው እርጥቡ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ፣ ዳይፐር። ክብደቱ ያለው እዚህ ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ ሃይላንዱ ላይ። ሃይላንዱን ግን ቆራሌው እየቀደማቸው ነው። ሰዉ ብልጥ ሆኗል፣ የሚሸጠውን ለቆራሌው ሽጦ ዳይፐሩን ለነሱ ይተዋል።

የበዓል ማግስት ደግሞ ሌላ ነው። ድሮ የበግ ቆዳ ገዢ በር ላይ ይሻማበት ነበር። አሁን ዋጋው ወርዶ ወርዶ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋና ቆዳው ቆሻሻ ሆነ። በፋሲካ ማግስት አንዷ ሴትዮ የኛን ብሎክ ቆዳዎች ስታነሳ አይቻለሁ። ጓንቷ የአንድ እጅ ብቻ ነው፤ ሌላኛው እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃ አንጓዋ ላይ በክር አስራዋለች። ደም የጠገበ እርጥብ ቆዳ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጠርዙን ጋሪው ላይ ሰቅላ የቀረውን በጉልበቷ እየገፋች ነው ያስገባችው። ጨርሳ ቀና አለችና "እንኳን አደረሳችሁ" አለችን። እኛ በረንዳ ላይ ቡና ይዘን ቆመናል። ለሷ ከአምስት አምስት ነው፣ ክርክር የለውም።

ቅዳሜ የሚቀሩት ሰንፈው እንዳልሆነም ጠይቄ ተረድቻለሁ። የነሱ ስራ ከቤት እስከ ገንዳ ነው። ከገንዳው ወዲያ ያለው የመኪና ነው፣ መኪናው ደግሞ የነሱ አይደለም። መኪናው ካልመጣ ገንዳው ይሞላል፣ ገንዳው ከሞላ ጋሪው የሚራገፍበት የለም። የሚከፈላቸው ባስረከቡት መጠን ስለሆነ እኛ ቆሻሻ ታቅፈን ስንቀመጥ እነሱም ገቢ አጥተው ነው የሚውሉት። ይሄን የማያውቅ ሰው ፊሽካ ሲጠፋ የሚሰድበው ልጆቹን ነው። ስድቡ የተሳሳተ አድራሻ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ቢሉ።

"ነጻ ነው እኮ" ያለኝ ጎረቤት አለ። ነጻ አይደለም፣ ውሃ ቢል ውስጥ ተደብቆ ነው። ለዓመታት የተሰራበት ስሌት እንዲህ ነው፦ መኖሪያ ቤት የውሃ ሂሳቡን 20 በመቶ፣ ድርጅት 42.5 በመቶ ለቆሻሻ ይከፍላል። የ300 ብር ውሃ ከተጠቀማችሁ 60 ብር። ካፌ ከሆናችሁና የ4,000 ብር ውሃ ካፈሰሳችሁ 1,700 ብር። ድሮ ወረቀቱ እጅ ሲገባ የሚያነብ ያነበው ነበር፤ አሁን በስልክ ነው፣ ድምሩን አይተን ፒን መትተን እንዘጋዋለን።

ከውሃ ጋር ማያያዙ ለገንዘብ ሰብሳቢው ተንኮል የሌለበት ብልሃት ነው። ለቆሻሻ አልከፍልም የሚል ሞልቷል፣ ውሃዬ ይቆረጥ የሚል ግን የለም። በየበሩ እያንኳኳ ገንዘብ የሚለምን ሰው ከመላክም ይሻላል። እኔ የምጣላው ከሒሳቡ ጋር ነው። ውሃ እዚህ አገር በፈረቃ እንደሚመጣ የረሳ ሰው ያወጣው ነው የሚመስለው። ውሃ የጠፋበት ወር ቢላችን ይወርዳል፣ ለቆሻሻ የምንከፍለውም አብሮ ይወርዳል፣ ቆሻሻው ግን እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ያን ወር የታሸገ ውሃ ስለምንገዛ ሃይላንዱ ይከመራል። በቦቴ ውሃ አስቀድቶ ሮቶ የሚሞላ ደግሞ ለዚያ ውሃ የቆሻሻ ሳንቲም አይከፍልም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የግቢ ተከራዮች ነገር ነው። አንድ ቆጣሪ፣ አራት አምስት አባወራ። የውሃ ታሪፉ እርከን አለው፣ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋ እየወጣ ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ ነው የሚጠቀሙት፣ ግን ተደምሮ በአንድ ቆጣሪ ስለሚነበብ ውዱ እርከን ላይ ይወጣሉ። በመቶኛ የሚሰላው የቆሻሻ ክፍያ ደግሞ እዚያ ላይ ይደረባል። አንድ ክፍል ቤት ከሦስት ልጅ ጋር የሚኖር ተከራይ፣ የራሱ ቆጣሪ ካለው ባለ ሰፊ ግቢ ይልቅ በሊትር ሲሰላ ብዙ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። አከራዩ ሲያካፍል የሚጨምራትን ሳንቆጥር።

ስብሰባው ላይ የጦፈው ግን በሌላ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ሲናገሩ ሁሌም ይነሳሉ። ተነሱና "ከውሃው ጋር 20 በመቶ እከፍላለሁ፣ ለኮሚቴው የጽዳት እከፍላለሁ፣ ለልጆቹ የሻይ እሰጣለሁ። አንድ ቆሻሻ ስንት ጊዜ ነው የሚነሳው?" አሉ። ቤቱ ሳቀ። እውነታቸውን ነው። የኮሚቴው ወርሃዊ መዋጮ ለጥበቃና ለደረጃ ጽዳት ነው ይባላል፣ ግን ገንዳው ሲሞላ የግል አይሱዙ ተከራይተን ያስነሳነው ከዚያው መዋጮ ነው። ለዚያ አይሱዙ ደረሰኝ የጠየቀ የለም። ሰብሳቢያችንም "ደረሰኝ ብንጠይቅ ዋጋው ይጨምራል" ብለው አለፉት። ለመንግስት የምንጮኸውን ግማሹን እዚሁ ብሎካችን ውስጥ ብንጮኸው ጥሩ ነበር።

ምድር ቤት ሱቅ ያላት እህታችን ደግሞ ሌላ አነሳች። "ድርጅት ነሽ ብለው በ42.5 ነው የሚያስከፍሉኝ። የኔ ቆሻሻ ካርቶን ነው። ካርቶኔን ልጆቹ ተሻምተው ነው የሚወስዱት። ለምንድነው የምከፍለው?" መልስ የሰጣት አልነበረም። የሚቆጠረው ውሃ እንጂ ቆሻሻ ስላልሆነ መልስ የለውም።

ከዚያ አንድ ወጣት "ከተማው ለመብራትና ለዘንባባ ገንዘብ ሞልቶታል፣ ገንዳ ላይ ሲደርስ ነው እንዴ ኪሳችን የሚፈተሸው?" ሲል ስብሰባው ተበጠበጠ። ግማሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢው "ፖለቲካ አታምጣ" አሉት። ፖለቲካ አይደለም፣ በጀት ነው። የአዲስ አበባ በጀት በ2016 ወደ 140 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2017 ከ230 ቢሊዮን አለፈ፣ ለ2018 ደግሞ 350 ቢሊዮን ገደማ ነው የጸደቀው። የብር አቅም መውደቁን ቀንሱለት፣ ያም ሆኖ ትልቅ ገንዘብ ነው። ይሄን ያየ ነዋሪ የገንዳ መኪና ለምን ጠፋ ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

የኮሪደር ልማቱን ግን አልራገምም። ማታ ከስራ ስመለስ በእግሬ ነው የምሄደው፣ ብርሃን አለ፣ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ሌሊት ሙሉ የሚጠረግ አስፋልት አለ። ቅሬታዬ ጥጉ ላይ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ወረቀት ብትጥሉ ደንብ አስከባሪ ከየት መጣ ሳትሉ ይቀጣችኋል። ሁለት ብሎክ ወደ ውስጥ ስትገቡ ገንዳችን ሞልቶ፣ ከስሩ ጥቁር ውሃ እየወረደ፣ ውሻ ፌስታል እየጎተተ ታገኙታላችሁ። እዚህ የሚቀጣም የሚያነሳም የለም። ወረዳው ግድግዳ ላይ ስለ ቆሻሻ የተለጠፈ አለ፣ "አካባቢያችንን እናጽዳ" ይላል። ከዚህ ሰፈር በወር ስንት ተሰበሰበ፣ ለማህበሩ ስንት ተከፈለ የሚል ቁጥር ግን አልተለጠፈም። አንድ ኮከብ የሰጠሁት ለዚህ ነው፣ ለዋጋው አይደለም።

ምክንያቱም ዋጋው ውድ ነው ብዬ አላምንም። ይሄን ስብሰባው ላይ ብል ኖሮ ይወረውሩኝ ነበር። ቆሻሻችን ገንዳው ጋ አያልቅም፣ ረጲ ይሄዳል፣ ቆሼ። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሲከመርበት የኖረ ቦታ ነው። በ2008 ሰንዳፋ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሰርቶ ቆሻሻው ወደዚያ ዞሮ ነበር፣ ገበሬዎቹ ተቃወሙ፣ ወራት ሳይቆይ ተዘጋና ተመልሶ ረጲ መጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ እዚያው ስር ጎጆ ሰርተው የሚኖሩ፣ ሴቶችና ልጆች። በዓመቱ፣ ነሐሴ 2010፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ፣ በቀን 1,400 ቶን ይበላል ተብሎ። ይብላ፣ ግን እኛ የምንልክለት የጎመን ግንድና እርጥብ ልጣጭ ነው፣ ውሃ የጠገበ ነገር ደግሞ እሳት አይወድም።

ስለዚህ "ክፍያው ይቀነስ" ለሚሉት ጎረቤቶቼ ድምጼን አልሰጥም። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመት ቆሻሻ በርካሽ አስነስተናል፤ ልዩነቱን የከፈሉት ቆሼ ስር የነበሩት ናቸው፣ አሁንም በአንድ እጅ ጓንት የምትሰራው ሴትዮ እየከፈለች ነው። ይጨመር ቢሉኝ እጨምራለሁ፣ እጥፍም ቢሆን። ግን ከውሃው ተለይቶ ለብቻው መስመር ላይ ይጻፍልኝ። በሰው ወይም በቤት ስፋት ይሰላ እንጂ በፈረቃ ውሃ አይሰላ። መኪናው ያልመጣበት ሳምንት ከሂሳቡ ይቀነስ፣ የልጆቹ ክፍያ ግን አይቀነስ። ጓንትና ቦቲ ከዚያው ገንዘብ ይገዛ። ይሄ የሮኬት ሳይንስ አይደለም፣ መብራትም ቴሌም የተጠቀምኩትን ዘርዝረው ነው የሚልኩልኝ።

ሳይቱ ላይ አዲስ ለገባችሁ፣ ማንም አይነግራችሁም ብዬ ነው፦ እርጥቡንና ደረቁን ለዩ፣ ሁለት ዕቃ በቂ ነው። የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ጠቅልላችሁ ስጡ፣ በእጃቸው ነው የሚለዩት። ሃይላንዱን ለነሱ ተዉላቸው። ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ጸድቋል፣ ከአሁኑ ባልዲ ወይም ማዳበሪያ ልመዱ፣ ባልዲውን አራግፈው ይመልሱላችኋል። የሻይ ስትሰጡ ጋሪ ለሚገፋው ብቻ አትስጡ፣ ከኋላ የሚለዩት ሴቶች አይደርሳቸውም።

የሚቀጥለው ስብሰባ የወሩ የመጨረሻ እሁድ፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ አራት ሰዓት ላይ ጥበቃ ቤቱ ጋ ነው። የሦስት ወር የውሃ ቢል ይዛችሁ ኑ፣ የስልክ መልዕክትም ይበቃል። የሁሉንም ብሎክ ደምረን ስንት እንደከፈልን ጽፈን ወረዳ ልናስገባ ነው። ጋሼ ደብዳቤውን አርቅቀዋል፣ የአይሱዙውን ደረሰኝ ጉዳይም በአጀንዳ ሁለት አስይዘነዋል።