የፈረንሳይ አሮጌ ጠመንጃ፦ ባልጩቱ ይሻላል ካፕሱሉ?

እዚህ ሊዮን፣ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሁለት ጠመንጃ ተሰቅሏል። አንዱን በ1,350 ዩሮ ገዛሁት፣ ሌላውን በ380። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደንቀው ውዱን ነው። ቀጥሎ "እኔም አንድ ፈልጌ ነበር፣ የቱን ልግዛ?" ይላል። ሰባተኛው ሰው ሲጠይቀኝ ለምን አልጽፈውም አልኩ።

በአጭሩ፦ ርካሹን ግዙ። ውዱ የተበላሁበት ነው።

ሁለቱም በአፋቸው የሚጎርሱ ናቸው። ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። የሚለያዩት እሳቱን በሚያገኙበት መንገድ ነው። አንደኛው ባልጩት ከብረት አጋጭቶ ብልጭታ ያወጣል። ሌላው መዶሻው ሲመታት የምትፈነዳ፣ ከጣት ጫፍ የምታንስ የመዳብ ቆብ ይጠቀማል፤ ካፕሱል የሚሏት እሷን ነው። የናፖሊዮን ወታደር የተሸከመው ባለ ባልጩቱን ነው፤ የ1777 ሞዴል ሆኖ በኋላ የተሻሻለው፣ ነጋዴዎቹ "አን ነፍ" (በፈረንሳይ አብዮት አቆጣጠር ዘጠነኛው ዓመት) የሚሉት። ከዚያ የ1816 እና የ1822 ሞዴሎች መጡ። በ1840ዎቹ ጦሩ ወደ ካፕሱል ዞረ። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። መንግሥት ያን ሁሉ ባለ ባልጩት አውጥቶ አልጣለም። የባልጩቱን ዕቃ አስነቅሎ፣ ካፕሱል አስገጥሞ መልሶ ለወታደሩ ሰጠ። ስለዚህ ሳይነካ እስከ ዛሬ የቆየ ባለ ባልጩት ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ግን ብዙ ነው። ናፖሊዮን የሚለው ስም ብቻ ዋጋውን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። እናም አንዳንድ ብልጥ ሰው ካፕሱሉን መልሶ ይነቅልና አዲስ የባልጩት ዕቃ ይገጥምበታል። በ400 ዩሮ የገዛውን በ1,200 ይሸጣል።

እኔ የገዛሁት እንደዚያ ያለውን ነው። አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ጨረታ ላይ። 1,080 ላይ መዶሻው ወረደ። የአጫራቹ ድርሻ 25 በመቶ መሆኑን ያነበብኩት ደረሰኙ ላይ ነው። ያው፣ 1,350። ወደ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚጠጋ መኪናዬ ውስጥ አልገባ ብሎ የፊት ወንበሩን አስተኝቼ፣ እንደ ታማሚ ደግፌ ነው ይዤው የመጣሁት።

ወር ሳይሞላ ሞላው ተሰበረ። ሴንት ኤቲየን ለሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ ጠመንጃ ጠጋኝ ወሰድኩላቸው። ሽማግሌው ሁለት ብሎን ፈቱ፣ ዕቃውን ከእንጨቱ አወጡ፣ ባትሪ አበሩበት፣ ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታቸው አስፈራኝ። "ና እይ" አሉኝ። ብልጭታው የሚያርፍባት የባሩድ ሳህን እንደ አዲስ ቁልፍ ቢጫ ናስ ነች፤ ዙሪያዋ ያለው ብረት ግን ጥቁር ነው። ቱቦው ጎን ላይ፣ የካፕሱሉ እብጠት የነበረበት ቦታ በሞረድ ተልጎ የብየዳ ቀለበት ቀርቷል። ዕቃው የተገጠመበት የብረት ሰሌዳ ላይ ያለው ጽሑፍም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ነበር፤ ባትሪውን ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ግን "ሮያል" የሚለው ቃል ጭራው ታየ። ሮያል ማለት የንጉሥ ነው። የናፖሊዮን ቢሆን "ኢምፔሪያል" ነበር የሚለው። ለካ የያዝኩት የ1822 ሞዴል ነው፤ አንዴ ወደ ካፕሱል የተለወጠ፣ ከዚያ በእኛ ዘመን ወደ ኋላ የተመለሰ።

ሞላው 60 ዩሮ፣ ባልጩቱ የሚጋጭበት ብረት 140 ዩሮ፣ የእጅ 95። ደምሩት፦ 1,645። ሲሸጥ 500 ካወጣ ተመስገን ነው።

ካፕሱሉን ደግሞ ከቪለርባን እሑድ ገበያ፣ ከሊዮን ምናለሽ ተራ በሉት፣ በጠዋት ነው ያገኘሁት። የ1822 ሞዴል "ቴ ቢስ" ይባላል። "ቴ" ማለት የተለወጠ፣ "ቢስ" ደግሞ በፈረንሳይኛ ድጋሚ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ እውነቱን ይናገራል። ሰውዬው 450 አለ፣ 350 አልኩ፣ 380 ላይ ተጨባበጥን። ዘንጉ ስላልነበረ በ45 አሮጌ ዘንግ አገኘሁለት። ካፕሱሏ የምትጠልቅባት ትንሽ ቧንቧ ተበልታ ስለነበር 8 ዩሮ። በቃ፣ 433። ከዚያ ወዲህ ያወጣሁበት የተልባ ዘይት ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ሙትዚግ የሚለው የፋብሪካ ስም ያለ መነጽር ይነበባል። ሰደፉ ላይ፣ ወታደሩ ጉንጩን የሚያስጠጋበት ቦታ ላይ፣ እንጨቱ ጠቁሮ ወዝ ይዟል። ያንን ወዝ በኬሚካል የሚያመጣው ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከመጀመሪያውም ለካፕሱል ተብሎ የተሠራውን የ1842 ሞዴል ብታገኙ ደግሞ የበለጠ ነው። ከ450 እስከ 600 ይጠየቅበታል። የሚያጭበረብርበት ሰው የለም፣ ምክንያቱም አጭበርብሮ የሚያተርፈው ነገር የለም። ያልተነካ እውነተኛ ባለ ባልጩት ከፈለጋችሁ ግን ቢያንስ 1,500 ያዙ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂዱ። ከሕንድ መጥቶ በአሲድ ያረጀም ስላለ በ500 ዩሮ "የዋተርሎ" (ናፖሊዮን መጨረሻ ላይ የተሸነፈበት ጦርነት) የሚላችሁን ሰላም ብላችሁ እለፉት።

ለሐበሻ ገዢ ካፕሱሉን የሚያጣፍጥ ሌላ ነገርም አለ። ገጣሚው አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን ለምኒልክ የጫነው ጠመንጃ ይሄ ባለ ካፕሱሉ ነው። በ1885 ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ዋጋውን ሳይቀር ነግሯቸዋል፦ ከአርባ ዓመት በፊት ከጦሩ የወጣ፣ የቤልጅየሟ ሊየዥ ወይም ፈረንሳይ አሮጌ ተራ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኝ፣ ሸዋ ላይ በ40 ፍራንክ የሚሸጥ። አምስት እጥፍ! በ1887 ሁለት ሺህ ያህሉን ይዞ እንጦጦ ደረሰ። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ አሮጌ ዕቃ መሆኑ የጠፋቸው አይመስለኝም። ዋጋውን ቆረጡበት፣ ራምቦም ከሰርኩ እያለ ሲያማርር ኖረ። ከጨረታው በፊት እሳቸውን ባማከርኩ።

"ውጅግራስ?" የሚለኝ አይጠፋም። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮቹ "ፉዚ ግራ" የሚሉትን የ1874 ሞዴል ነው፤ ቀለህ ያለው ጥይት በኋላው ይጎርሳል፣ አድዋም ላይ ነበር። ስለዚህ የሌላ ትውልድ ልጅ ነው። እዚህ ከ350 እስከ 550 ይሄዳል፣ ጥሩ ዕቃ ነው። "የአድዋ ነው" ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን ግን ተጠንቀቁ። አንዱ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ የተመታበት ውጅግራ በ1,400 ሊሸጥልኝ ነበር። ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጧል። ሰውዬው ማንበብ እንደምችል አልጠረጠረም።

ለማየት ስትሄዱ ባትሪና ቀጭን የእንጨት ዘንግ ያዙ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ዘንጉን በአፈሙዙ ቀስ ብላችሁ ስደዱት። እስከ ታች ወርዶ ብረት ሲነካ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ጣት ወይም ሁለት ጣት ቀድሞ "ዱፍ" ብሎ ከቆመ ውስጡ ባሩድና አረር ሊኖር ይችላል፤ መቶ ሃምሳ ዓመት የተጎረሰም ያጋጥማል። አስቀምጡና ለባለሙያ ተዉት። የብሎኖቹን አናት እዩ፤ ጠርዛቸው አዲስ የተበላሸ ከሆነ በቅርቡ የፈታው አለ። እንጨቱ ላይ የነቀዝ ቀዳዳ ካለ ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጉት። ዱቄት ከወደቀ ነቀዙ ገና እየበላ ነው፣ ግድግዳችሁንም አይምርም።

ሕጉን በተመለከተ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ከ1900 በፊት የወጣ ሞዴል በአብዛኛው አዋቂ ያለ ፈቃድ ይገዛዋል። አሜሪካ ያላችሁ፣ የፌዴራሉ ሕግ እስከ 1898 የተሠራውን እንደ ቅርስ ያያል፤ የየስቴቱን ግን ራሳችሁ አረጋግጡ። አዲስ አበባ ለአጎቴ ስጦታ ልውሰድ የሚለውን ሐሳብ እዚያው ተዉት።

ያንን ባልጩት አሁን ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ። 500 ዩሮ። ማስታወቂያው ላይ ወደ ኋላ የተመለሰ መሆኑን በትልቁ ጽፌበታለሁ፤ የብየዳውንም ፎቶ አድርጌያለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው። የደወለ የለም።