ባለ አሮጌዋ የእጅ ኮምፒውተር መካኒክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ጠብቄአለሁ። መኪናዬ በተሠራች ማግስት ደስታዬን ባወራ ኖሮ በነጋታው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ ተመልሶ ያሳፍረኛል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ እንዲያ ሆኖብኛል። አሁን ግን በየቀኑ እየነዳኋት ሦስት ሳምንት ሞላ። መብራቱ አልበራም፣ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ ስትቆም የነበረው መንቀጥቀጥም ጠፍቷል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሌላ ጋራዥ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ሰኩና ፒ 0171 የሚል የብልሽት ኮድ አገኙ። ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ኮዱን ያነበበው ልጅ ሳያመነታ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» አለ፤ በጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ማለቱ ነው። ሴንሰሩ ተቀየረ፣ ኮዱ ተደመሰሰ፣ በአራተኛው ቀን መብራቱ በራ። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ፣ ከዚያ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ኮይሎች ተቀየሩ። ያው ነው። አሁን ሳስበው ሴንሰሩ የነዳጁን ማነስ አይቶ የተናገረ ምስክር ነበር፤ እኛ ግን ሌባውን ትተን ምስክሩን ስናስር ሰነበትን።

ወደ እኚህ ባለሙያ የመራኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ሰው ሲበዛ ሥራው በጥድፊያ ይሆናል ይላሉ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የምር የቸገረው ሰው በግል ቢጽፍልኝ አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ኮፈኑን አላስከፈቱኝም። ከመሪው ሥር ጎንበስ ብለው የሞተሩ ኮምፒውተር የሚነበብበትን ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት በእጃቸው ዳሰው አገኙትና ገመድ ሰኩበት። በገመዱ ሌላ ጫፍ ያለችውን መሣሪያ ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ወረደ። መዳፍ የምታህል፣ ግራጫ ስክሪን ያላት፣ በቀጭን ብዕር የምትነካ የእጅ ኮምፒውተር ናት፤ ስልኮች ሁሉ ኮምፒውተር ከመሆናቸው በፊት ሰዎች ቀጠሮ የሚይዙባት ዓይነት። አንዱ ጥግዋ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ «እሷና መኪናህ እኩዮች ናቸው፣ ይግባባሉ» አሉኝ። ገመዱ የተሰካበት ሶኬት አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ የአውሮፓ የቤንዚን መኪኖች ደግሞ በ2001 ተከተሉ። አዲስ መኪና ሲመጣላቸው እርሳቸውም ስልካቸውን በብሉቱዝ ያገናኛሉ። ለእኔዋ ግን አሮጌዋ በቃች።

ኮዱን አንዴ አይተው አለፉት። ኮዱ በተመዘገበባት ቅጽበት መኪናዋ በምን ፍጥነት፣ በምን ሙቀት ላይ እንደነበረች የተመዘገበውን ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ ኮድ ሲደመሰስ ያም አብሮ እንደሚጠፋ የነገረኝ አልነበረም። ከዚያ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ከፈቱ። የሞተሩ ኮምፒውተር ሊረጭ ካሰበው ነዳጅ ላይ ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳዩ ናቸው፤ አንዱ የአሁኑን፣ ሌላው የቆየውን ልማድ። በጤነኛ ሞተር ድምራቸው ከዜሮ ብዙ አይርቅም፤ እስከ 10 ቢወጣ ወይም ቢወርድ አያስደነግጥም። የእኔዋ በሚኒሞ የአሁኑ 6፣ የቆየው 18፣ ድምሩ 24 ነበር።

«ነዳጅ ስጥና 2500 ዙር ላይ ያዝልኝ።»

ያዝኩ። ድምሩ ወደ 5 ወረደ። ጋሼ ፈገግ አሉ።

«አየህ ልጄ፣ የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሾ ቢሆን ስትረግጠው ይብስበት ነበር። በሚኒሞ የሚብሰው፣ ስትረግጠው የሚሻለው፣ ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር ነው።» ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲሠራ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ በስንጥቅ የሚገባው ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ሲፈጥን ግን በብዙ አየር መካከል ይዋጣል። የአየር መለኪያ ሴንሰር ላለው ሞተር የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ለሁሉም መኪና እንዳይመስላችሁ።

ኮፈኑ የተከፈተው ያኔ ነው። ኮምፒውተሯን አስይዘውኝ የአሁኑን ቁጥር ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝና የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ይጫኑ ጀመር። «ስድስት… አምስት… ስድስት…» እላለሁ። አየሩን ለሞተሩ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ኋላ ያለችውን ጣት የምታህል ቱቦ ሲጨብጡ ድምፄ ተቀየረ፦ «ዜሮ… ከዜሮ በታች ስምንት… ከዜሮ በታች አሥራ አምስት!» ኮምፒውተሩ በልማዱ 18 መጨመሩን ስላልተወ፣ ስንጥቁ ሲደፈን የተረፈውን ነዳጅ መልሶ መቀነስ ጀመረ ማለት ነው። የሞተሩም ድምፅ እኩል ሆነ። ቱቦዋን ጎንበስ አድርገው ሲያሳዩኝ ከሥር በኩል የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነበር፤ ካልታጠፈች አይታይም።

ያ ሁሉ ሴንሰር፣ ካንዴላና ኮይል የተቀየረው ለዚህች ቱቦ ነው።

ከዚያ ስግብግብነት ያዘኝ። በዚችው መሣሪያ የሞተሩን ጉልበት እንዲጨምሩልኝ ጠየቅኋቸው። እሺም እምቢም ሳይሉ አብረውኝ ወጡ፤ እኔ ዳገት ስነዳ እርሳቸው ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ እየቀረጹ ነበር። ስንመለስ ቀረጻውን አሳዩኝ። ዳገቱ ላይ ስረግጥ ታይሚንጉ በየመሃሉ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ይላል፤ የሞተሩን መንኳኳት የሚሰማው ሴንሰር ኮምፒውተሩን እያስጠነቀቀው ነው። «በምትቀዳላት ቤንዚን የሚቻላትን እየሰጠችህ ነው። እሳቱን ይበልጥ ባስቀድመው ፒስተኑን አስበላሃለሁ» አሉኝ። ሊያስከፍሉኝ የሚችሉትን ሥራ እንዲህ እምቢ ያለኝ ሌላ መካኒክ አላጋጠመኝም።

ጉድለታቸውን ካልተናገርኩ ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። ጋሼ ዝግ ያሉ ናቸው። ግማሽ ቀን ይዘው ካልሄዱ አይሞከርም፤ ስልክም እምብዛም አያነሱ። ስለሚያዩት ቁጥር ሁሉ ማስረዳት ስለሚወዱ የቸኮለ ሰው ይናደዳል። እኔ ግን መኪናዬን በዚያ ግማሽ ቀን ካለፉት ዓመታት ሁሉ ይልቅ አወቅኋት።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ፦ ያቺ ቀጭን የስክሪን ብዕር መቀመጫው ሥር ወድቃ አግኝቻታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።