ሶሊድወርክስ ወይስ ፍሪካድ? አንድ ፍላንጅ፣ አስር ልክ

«አንድ ዕቃ በአስር ልክ ሲታዘዝ አስር ፋይል ልክፈት?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ኧረ አያስፈልግም። ዕቃው አንዴ ይሳላል፣ ልኮቹ ሰንጠረዥ ላይ ይሞላሉ፣ የቀረውን ሶፍትዌሩ ይሠራዋል። በየትኛው የኮምፒውተር መሳያ፣ በሶሊድወርክስ ወይስ በፍሪካድ? ወርክሾፑ የራሱ ለሆነ ሰው፣ ፍሪካድ።

ከገንዘቡ እንነሳ። ሶሊድወርክስ መደበኛው ለዓመታት 4,000 ዶላር ገደማ ሲባል ኖሯል፤ ዓመታዊው ክፍያ ለብቻው ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ ዋጋ 230,000 ብር ገደማ ነበር። ዶላር 100 ብርን ካለፈ ወዲህ ከ400,000 በላይ ሆኗል። ደግሞ የሶሊድወርክስ ዲዛይን ቴብል፣ ልኮቹ የሚሞሉበት ሰንጠረዥ፣ ያለ ኤክሴል አይሠራም። ነጻው ሊብሬኦፊስ አይተካውም። ስለዚህ ኤክሴልም ይገዛል ማለት ነው። ፍሪካድ ዜሮ ብር፤ ሰንጠረዡም አብሮት ነው የሚመጣው።

«እኛ መች ገዝተን እናውቃለን?» ትሉኛላችሁ። ክራኩን፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረውን ቅጂ ማለታችሁ ነው። አንድ ወዳጄ ሶሊድወርክሱንም ኤክሴሉንም በክራክ አስጭኖ ነበር። ሥራ መሀል ኤክሴሉ አላርምም አለ፤ ልኮቹ እንደተቆለፉ ቀሩ። «እናስተካክላለን» ያሉት ልጆች ፎርማት አድርገው፣ አስከፍለው፣ ሌላ ክራክ ጫኑለት። ቫይረሱ ምርቃት።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ፒኤን 16 ፍላንጅ እንውሰድ፤ ፍላንጅ ቧንቧ ከቧንቧ በብሎን የሚያያዝበት ክብ ብረት ነው፣ ፒኤን የግፊት ደረጃው፣ ዲኤን የቧንቧው ልክ። ዲኤን 50 ላይ የውጭ ዲያሜትሩ 165፣ ብሎኖቹ የሚደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 125 ሚሊሜትር ነው፤ ቀዳዳው 4። ዲኤን 100 ላይ 220 እና 180 ይሆናል፤ ቀዳዳው 8። እንግዲህ የቀዳዳው ብዛትም ሰንጠረዡ ውስጥ መግባት አለበት። ብዙ ሰው እሱን ይረሳል። ፍሪካድ ላይ ለእያንዳንዱ ሴል (የሰንጠረዡ ሳጥን) ስም ትሰጡታላችሁ፤ ከዚያ ልኩ የሚጻፍበት ቦታ ጎን ያለችውን ሰማያዊ ምልክት ነክታችሁ የሰንጠረዡን ስም፣ ነጥብ፣ ከዚያ ያንን ስም ታስገባላችሁ። ስሙን «ዲኤን50» ልበል ካላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፉት እምቢ ይላችኋል። የሴል አድራሻ ነዋ! ዓምድ ዲኤን፣ ረድፍ 50። አስር ደቂቃ አትጨቃጨቁት፣ ሌላ ስም ስጡት።

ስትጭኑ ከፍሪካድ 1.0 በታች እንዳትነኩ። በድሮው ላይ ልክ ስትቀይሩ ቀዳዳው ከነበረበት ገጽ ተነስቶ ሌላ ቦታ ጉብ ይላል። በኅዳር 2017 የወጣው 1.0 ይሄን በሽታ በጣም አቃሎታል።

ሶሊድወርክስ የሚበልጥበት አለ፣ አልክድም። ብዙ ዕቃ ስትገጣጥሙ የምትፈልጉትን ልክ መምረጥ እዚያ ይቀላል። ፍሪካድ ሰንጠረዡ ሲተልቅ አንድ ቁጥር በነካችሁ ቁጥር ያንቀራፍፋል። መሥሪያ ቤታችሁ ከከፈለ በሶሊድወርክሱ ሥሩ። ከኪሳችሁ ከሆነ ግን ለዚያች ልዩነት 400,000 ብር? በዚያ ብር ብረት ይገዛል።

ኦንሼፕ፣ በኢንተርኔት የሚሠራው መሳያ፣ ነጻ ነው የሚሏችሁም አሉ። ነጻው ላይ ሥዕላችሁን ማንም ያየዋል፤ የደንበኛ ሥራ እዚያ አይቀመጥም።