የድሮ የበዓል ፖስትካርድ፦ አልበም ወይስ ሣጥን?

የጅማ ክረምት ለወረቀት አይራራም። የድሮ የገናና የፋሲካ ፖስትካርድ ለሚሰበስብ ሰው ዋናው ጠላት ሌባ ሳይሆን እርጥበት ነው።

አልበም፦ ለማሳየት ይመቻል፤ የጀርባውን ቴምብርና የፖስታ ማኅተም ካርዱን ሳይነኩ ያዩታል። ችግሩ ፕላስቲኩ ነው። የሚሸት፣ ለስላሳ ፒቪሲ ከሆነ ውሎ አድሮ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል፤ ፖሊፕሮፒሊን የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ይሻላል። ሙጫ ያለው ገጽማ አይሞከርም፤ ካርዱ ሲነሳ ጀርባው ይላጣል።

ሣጥን፦ ርካሽ ነው፣ ብዙ ይይዛል። አብዛኛው የድሮ ካርድ 9 በ14 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ የጫማ ካርቶን ይበቃዋል፤ ግን የካርቶኑ አሲድ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ለዘለቄታው አሲድ የሌለው ይፈለግ። ካርዶቹን አቁመው ይደርድሩ፦ ከላላ ይጎብጣሉ፣ ከታጨቀ ጥጋቸው ይታጠፋል። እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምረው ሣጥኑን ከወለልና ከግድግዳ ያርቁት።

ጥቂት ለመረጠና እንግዳ ለሚያሳይ አልበም፤ ገና እየለቀመ ላለ ሣጥን።